በረዶ ሲጥል መንገዱ የማን ነው

በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝ እንጂ፣ በእኛ ጊዜ እንጦጦ ላይ መንገድ ሰው አያጣላም ነበር። ወደ ላይ የሚሄድ ይሄዳል፣ ወደ ታች የሚወርድ ይወርዳል፣ ቅጠል የተሸከመች ሴት ከመጣች ጠጋ ብለህ ታሳልፋለህ፣ አለቀ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የደን ጠባቂ ሆኜ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን ጫካ ስዞር "ይሄ መንገድ የኔ ነው፣ ያ ያንተ ነው" የሚል ሰው አንድም ቀን አልገጠመኝም። ቅጠል አትልቀሙ ብዬ የማባርራቸው ሴቶች እንኳ እየሮጡ መንገድ ይለቁልኝ ነበር። ምን ያስቅሻል ሜሮን? እውነቴን እኮ ነው። ስልክሽ እየቀዳ ነው? ይቅዳ፣ ይቅዳ። ታዲያ ጡረታ ወጥቼ፣ አርፌ ልቀመጥ ስል ነው የመንገድ ጣጣ የመጣብኝ፣ እና የመጣው ደግሞ ከሰማይ ነው፣ በበረዶ ነው የመጣው።

መጀመሪያ ሄኖክ መጣ። ሄኖክን ታውቁታላችሁ፣ መገናኛ ሞባይል ይሸጥ የነበረው፣ ረጅሙ፣ ጸጉሩን መሀል አናቱ ላይ ብቻ የሚያሳድገው። ሱቁን ዘጋና እነዚያን ባለ አራት ጎማ ሞተሮች አመጣ፣ እንደ በሬ ትከሻቸው የሰፋውን፣ አምስት ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ወጣቶች ከከተማ ይመጡና ያከራያቸዋል፣ እነሱም ዱ ዱ ዱ ዱ እያሉ ከጫካው ጫፍ እስከ ላይኛው ሜዳ ይነዳሉ። "ይሄ እኮ ትራክ ነው ጋሽ ወርቁ፣ ፕሮፌሽናል ትራክ!" ይለኛል። እኔ ትራክ የማውቀው የጭነት መኪናውን ነው። "የታለ ታዲያ?" እለዋለሁ። "የቆሙበት ነው እኮ!" ይለኛል።

ያ መንገድ ደግሞ የአዴ ጫልቱ አህዮች መንገድ ነው። አዴ ጫልቱ ከተራራው ጀርባ ሲያርሱ ከኖሩ ሰዎች የተወለደች ናት፣ ዛሬ እርሻው የለም፣ ሦስት አህዮች አሏት፣ ጭራሮ ጭና ታች ሰፈር ታወርዳለች። ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ ስትቆጣ ሁለቱም ቋንቋ ይፈራታል። ሄኖክን ገና በመጀመሪያው ሳምንት መንገድ መሀል አቁማ፣ "ስማ፣ አህያዬ ከደነገጠች አንተን ነው የምጭንህ" አለችው፣ እና ከዚያ በኋላ አህያ ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል፣ ሰላምታ ሁሉ ይሰጣል፣ ለአህዮቹ ማለቴ ነው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበርን።

ከዚያ በቀለ መጣ። በቀለ እኩያዬ ነው፣ ሲግናል ጋራዥ የነበረው። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ጋራዡን ለቀቀና እኛ ሰፈር ቤት ሠርቶ ገባ። እጁ ሥራ የፈታ መካኒክ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚፈታታው ነገር ያጣል። የጎረቤቱን ምድጃ ፈታ፣ የቄሱን ሬዲዮ ፈታ፣ የእኔን የበር ቁልፍ ፈትቶ ገጠመልኝና ይኸው እስከ ዛሬ አይቆለፍም። ታዲያ አንድ ቀን ጨረታ ሄዶ የታሸገ ትልቅ ሳጥን ገዝቶ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። "ምንድን ነው በቀለ?" አልኩት። "የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው ብለውኛል" አለኝ። ከፈትነው። ጎማ የለውም። ከፊት ለፊቱ ሁለት ጫፋቸው የተቆለመመ ሰፋፊ ጣውላ የመሰሉ ነገሮች፣ ከሥሩ እንደ ዶዘር ያለ የላስቲክ ሰንሰለት፣ ከላይ ኮርቻ፣ መሪም አለው። በቀለ ሦስት ጊዜ ዞረው። ሄኖክ ጩኸታችንን ሰምቶ መጣና ገና ሲያየው ጭንቅላቱን ያዘ።

"ጋሽ በቀለ፣ ይሄ ስኖውሞቢል ነው!"

"ምን ሞባይል?"

"ስኖው! በረዶ! ፈረንጆቹ በረዶ ላይ የሚነዱት ሞተር ነው!"

በቀለን አየሁት። ያለቅሳል ብዬ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ፊቱ ልክ እንደ ሚስቱ ቀብር ቀን ሆነብኝ። "መልሰው በቀለ፣ ተሳስተን ነው በላቸው" አልኩት። እሱ ግን ኮርቻውን በመዳፉ ዳሰስ አደረገና፣

"ወርቁ፣ እንጦጦ ላይ በረዶ አይጥልም?" አለኝ።

"ይጥላል" አልኩ። ምን ልበል፣ ይጥላል እኮ።

"እንግዲያውስ" አለ።

ይሄው ነው፣ "እንግዲያውስ"።

ታዲያ ክረምቱ ገባ። በቀለ ያንን ነገር በሰው ኃይል አስገፍቶ ከመንገዱ አፍ ላይ፣ ከእኔ አጥር አጠገብ አቆመው፣ በሸራ ሸፈነው፣ እና ደመና ባየ ቁጥር ሄልሜት አጥልቆ ይወጣል። ዝናብ ብቻ ይሆንና ይበሰብሳል፣ ይመለሳል። ሰፈሩ ሁሉ አበደ አለው። ቅዳሴ ላይ እንኳ ነጎድጓድ ሲሰማ ቀና ይላል። አንድ ቀን ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይዘውት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሕዝቡ ሁሉ በረዶውን መልስልን እያለ ሲለምን አንተ አምጣው ትላለህ አሉ፣ ምን በድለንህ ነው?" አሉት። "አባቴ፣ ለመንገዷ ያህል ብቻ ነው፣ ማሳ ላይ እንዳይወርድ አድርጌ ነው የምለምነው" አላቸው። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመውት ሄዱ።

እና ጣለ። ሐምሌ ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ፣ ቆርቆሮው ሁሉ እስኪያብድ ድረስ ወረደና ዳገቱ ነጭ ሆነ፣ ጥጥ የተበተነበት መሰለ። በቀለ ሸራውን ገፈፈ፣ አስነሣው፣ ቤንዚን ሰጠው፣ ያ ነገር ጓ! አለና ልክ እንደ ተፈታ ጥጃ ወደ ላይ ወጣ። ልጆች፣ በረዶውን ከኋላው ወደ ሰማይ ይረጨዋል፣ በቀለ "ኧኸኸኸ!" እያለ ይጮኻል፣ ያ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከሰው ጋር ቁም ነገር ያልተጫወተ ሰው! ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወረደ። በሦስተኛው ፀሐይ ወጣች፣ በረዶው ሟሟ፣ እና በቀለ ዳገቱ ወገብ ላይ ጭቃ ውስጥ ሰንሰለቱ ድረስ ሰምጦ ቀረ። አዴ ጫልቱ አህዮቿን ይዛ መጥታ በገመድ ጎተተችው። "ዋቃዮ! ምን ዓይነት ከብት ነው ይሄ፣ እግር እንኳ የለው" ትላለች። በቀለ ከወረደ በኋላ ሄልሜቱን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። ዕንባ ነው ዝናብ እንጃ፣ ፊቱ እርጥብ ነበር። "ወርቁ፣ በሕይወት አለሁ ለካ" አለኝ።

ጠቡ የጀመረው በማግስቱ ነው። ሄኖክ መንገዱን ሊያይ ሲመጣ ሰንሰለቱ ዳገቱን አርሶታል፣ ገብስ ብትዘሩበት ይበቅላል። "ጋሽ በቀለ፣ ትራኬን ገደሉት!" ብሎ ጮኸ። በቀለ ደግሞ የባሰ ተቆጣ። ለምን መሰላችሁ? ለካስ በረዶው ሲጥል የሄኖክ ሁለት ደንበኞች ላይኛው ሜዳ ነበሩና በባለ አራት ጎማው እየነዱ ወርደዋል። "በረዶዬን ረገጡብኝ!" አለ በቀለ። "ስንት ወር የጠበቅኩትን በረዶ በጎማ አጨማለቁብኝ!" "በረዶ የማንም አይደለም ጋሼ!" "መንገዱስ የማን ነው?" "የኔ ነው፣ የጠረግኩት እኔ ነኝ!" አዴ ጫልቱ በመሀል አህዮቿን እየነዳች አለፈች፣ ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

ተካሰሱ። አንድ ቢሮ ሄዱ፣ እዚያ ያለችው ልጅ ሁለቱንም በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ፣ "እኛ ጋ ያለው ቅጽ የሞተር፣ የብስክሌትና የፈረስ ነው፤ በበረዶ የሚሄድ ከመጣ በሽማግሌ ጨርሱ" አለቻቸው። ሽማግሌው ማን ሆነ? እኔ። ጫካውን ያውቃል ተብዬ።

ታዲያ በእድር ቤት ተቀመጥን። አንድ ሙሉ ከሰዓት ስለ ምን እንደ ተከራከሩ ልንገራችሁ? በረዶ ማለት ምን ማለት ነው፣ ይሄ ነው ክርክሩ። በቀለ፣ "ሽምብራ የሚያክል ከወረደ መንገዱ የኔ ነው" ይላል። ሄኖክ፣ "ሽምብራማ በየቀኑ ነው የሚጥለው፣ ባቄላ ካላከለ አልለቅም" ይላል። "የየት አገር ባቄላ?" ይላል በቀለ። ሄኖክ ስልኩን አውጥቶ የባቄላ ፎቶ ይፈልጋል። እኔ ራሴን ያዝኩ። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ አነሣሁና፣ "ይህ ብርጭቆ ከመንገዱ አፍ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። በረዶ ጥሎ አፉ ድረስ ከሞላ ፊሽካ እነፋለሁ፣ ባለ አራት ጎማ ሁሉ ባለበት ሞተር አጥፍቶ ይቆማል፣ መሬቱ እስኪታይ ድረስ መንገዱ የበቀለ ነው። ካልሞላ የሄኖክ ነው፣ በቀለ ሞተር አያስነሣም" አልኩ። አዴ ጫልቱን "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አልናት። "አህያ ብርጭቆ አታይም። እኔ በፈለግኩት ሰዓት አልፋለሁ" አለች። ተጻፈ። ሦስቱም ፈረሙ።

እና ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የበረዶ ዳኛ ሆንኩ። አትሳቁ! በረዶ ሲጥል ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ እኔ ከቤቴ እወጣለሁ። ራሴ ላይ ድስት ደፍቼ፣ በሻሽ አገጬ ሥር አስሬ፣ ፊሽካ በአንገቴ አንጠልጥዬ ብርጭቆ አያለሁ። ባለቤቴ በመስኮት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ድስቱ ይጎደጉዳል!" ትላለች፣ ስለ ራሴ እኮ አይደለም የምትጨነቀው። ሦስት ጊዜ ጣለ፣ ሦስቱንም ጊዜ ብርጭቆው አልሞላም። በቀለ ጎንበስ ብሎ፣ "ከጎን ስታየው ሞልቷል ወርቁ" ይለኛል። ሄኖክ ከላይ ቁልቁል አይቶ፣ "የት አባቱ ሞላ!" ይላል። በሦስተኛው በቀለ አልቻለም፣ ፊሽካው ሳይነፋ ሞተሩን አስነሣ። ሄኖክ ሰው ሁሉ ባለበት፣ "ጋሼ፣ ፈርመው አልነበር? ትልቅ ሰው ቃሉን አይበላም" አለው። በቀለ ሞተሩን አጠፋ፣ ሸራውን አለበሰ፣ ቤቱ ገባ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላም አላለኝም። ያቺ ቃል እንደ እሾህ ነው የገባችበት።

ታዲያ ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ ደንበኛ የለም። ሄኖክ ለነጂዎቹ ምልክት ብሎ ዳገቱ ላይ የተከላቸውን ባንዲራዎች ሊሰበስብ ብቻውን በአንዱ ሞተር ወጣ። በረዶው የያዘው እዚያው እያለ ነው፣ እና ያ በረዶ፣ ልጆች፣ እኔ እዚያ ጫካ ሠላሳ ዓመት ስኖር እንደዚያ ያለ አላየሁም። ድስቱ ላይ ሲወርድ ጆሮዬ ደነቆረ። በቀለ ካኮረፈበት ወጥቶ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል፣ እኔ ብርጭቆው ላይ አፍጥጫለሁ። አዴ ጫልቱ ከላይ እየሮጠች መጣች፣ አህዮቿን ጥላ፣ እሷ አህዮቿን ጥላ!

"ኦቦ ወርቁ! ያ ልጅ ፈፋ ውስጥ ገብቷል! ሞተሩ ተገልብጦበት፣ እግሩ ተሰብሯል፣ ይጮኻል!"

ዳገቱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ መኪና አይወጣም፣ ሰው በእግሩ ወጥቶ ተሸክሞት አይወርድም። ሁላችንም በቀለን አየን። በቀለ ምን አለ መሰላችሁ?

"ወርቁ፣ ብርጭቆው?"

አየሁት። "ሩብ ያህል ይጎድለዋል" አልኩ።

"እንግዲያው መንገዱ የሱ ነው" አለ። "ቃልህን በላህ ተብያለሁ። ዳግመኛ አልባልም።"

እኔስ፣ ልንገራችሁ አይደል፣ የማፍርበት ነገር ነው፣ እኔስ ምን አልኩ? "ትንሽ እንጠብቅ፣ መሙላቱ አይቀርም" አልኩ! ሰውየው ፈፋ ውስጥ እየጮኸ እኔ ብርጭቆ እስኪሞላ እጠብቃለሁ! ዳኝነት እንዲህ ነው የሚያደርገው ሰውን። አዴ ጫልቱ አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ በቀለን አየች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ከመሬቱ በረዶውን በሁለት እጇ ዘገነችና ብርጭቆው ላይ ገለበጠችው። ሞልቶ ፈሰሰ።

"ይኸው! ሞላ! ንፋ!"

ፊሽካውን አፌ ውስጥ ከተትኩ፣ ነፋሁ፣ ፍፍፍፍ። ውሃ ገብቶበታል፣ እምቢ አለ። በቀለ አሁንም አይነቃነቅም፣ ይጠብቃል። በኋላ በቃ በአፌ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣ "ፊሽካ!" ብዬ ጮህኩ። "ፊሽካ! ፊሽካ!"

ያን ጊዜ ጓ! አለና ሄደ።

እኔና አዴ ጫልቱ ከአጥሬ አንድ ቆርቆሮ ነቅለን፣ ገመዷን ይዘን፣ እየወደቅን እየተነሣን ተከተልነው። ስንደርስ በቀለ ፈፋው ውስጥ ወርዶ ሞተሩን ከላዩ አንሥቶለታል፣ ኮቱን አልብሶታል። ሄኖክ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ እና እኔን ሲያይ ምን አለኝ?

"ጋሽ ወርቁ... ብርጭቆው ሞልቷል?"

"ሞልቷል!" አልኩት።

"እኔ ነኝ የሞላሁት!" አለች አዴ ጫልቱ።

ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ። "ይግባኝ እላለሁ" አለ። በቀለ ግንባሩን በመዳፉ ያዘለትና፣ "ዝም በል ልጄ፣ እግርህን አታንቀሳቅስ" አለው። ልጄ ሲለው ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ቆርቆሮው ላይ ማዳበሪያ አንጥፈን አስተኛነው፣ እግሩን በባንዲራዎቹ እንጨት አሰርን፣ ቆርቆሮውን ከበረዶ ሞተሩ ኋላ ቋጠርነው፣ እና በቀለ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነዳ። እኔ ከኋላ ገመድ ይዤ አለሁ፣ ፍሬኑ እኔ ነኝ። ዳገቱን አጋመስን። ታዲያ ምን ሆነ? ፀሐይ ወጣች! በረዶው ዓይናችን እያየ ውሃ ሆነ፣ ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፣ ቆምን። አዴ ጫልቱ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ አድርጋ አፏጨች፣ እና አህዮቹ ከዛፉ መሀል ብቅ አሉ። የቀረውን መንገድ ሄኖክ በአህያ ተጎተተ።

ከአስፋልቱ በሰው መኪና ሆስፒታል ገባን። አንዲት ወጣት ሐኪም መጣች። "ምን ሆኖ ነው?" አለች። በቀለ፣ "ባለ አራት ጎማ ሞተር ተገልብጦበት ነው" አለ። "በምን አመጣችሁት?" "በበረዶ ሞተር።" "ከየት?" "ከእንጦጦ።" ብዕሯን አስቀመጠች። "በበረዶ ሞተር? ከእንጦጦ?" "እስከ ግማሽ ነው፣ ከዚያ በኋላ በአህያ" አለ በቀለ፣ እውነቱን ለመናገር እየተጠነቀቀ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች፣ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ ከእኔ ቁም ነገር ፈልጋ መሰለኝ። "አባባ፣ እርስዎ ምኑ ነዎት?" "እኔ የበረዶ ዳኛ ነኝ" አልኳት። ለካስ ድስቱን አላወለቅኩም። ነርሷን ጠራቻትና፣ "የወጣቱ እግር ራጅ ይነሣ፣ የአባባ ራስ ደግሞ ይታይ" አለች። ታየ! ምንም የለበትም ተባለ። በዚህ ሰፈር ጤነኛ ለመሆኑ ወረቀት ያለው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ሄኖክ ሦስት ወር ተኛ። ሞተሮቹን ማን ይጠግናቸው ነበር? በቀለ። አምስቱንም ፈታታቸው፣ ደግነቱ አራቱ ተነሡ። በሚቀጥለው ክረምት ሄኖክ በምርኩዝ መጣና፣ "ጋሽ በቀለ፣ አንድ ጊዜ ከኋላዎ ልቀመጥ" አለ። ብርጭቆ የለ፣ ፊሽካ የለ፣ በረዶው ሲጥል ሁለቱም ተፈናጠው ወጡ፣ ሁለቱም "ኧኸኸኸ!" ይላሉ። ጭቃ ውስጥ ሲሰምጡ አዴ ጫልቱ፣ "ድሮ አንድ ነበር የማወጣው፣ አሁን ሁለት ሆናችሁ!" እያለች ጎተተቻቸው። ቆይ፣ እኔ የገባኝን ልንገራችሁ። እነዚያ ሰዎች በመንገድ አልነበረም የተጣሉት። አንዱ ሱቁን ዘግቶ፣ ሌላው ቤቱ ባዶ ሆኖበት፣ ሁለቱም የቀራቸው ያቺ ዳገት ነበረች፣ እና ሁለቱም እሷንም እንዳይነጠቁ ፈሩ። ይሄን ለማወቅ እኔ ድስት ተደፍቶብኝ ቆሜ መደብደብ ነበረብኝ።

"እርስዎስ አባባ፣ ሞተሩ ላይ አልተቀመጡም?" አለች ሜሮን።

እኔማ ዳኛ ነኝ። ዳኛ ለአንዱ ወገን አይሳፈርም፣ ነውር ነው።

"አዴ ጫልቱ ግን ሌላ ነው የነገሩን። ባለፈው ነሐሴ ጋሽ በቀለን አንቀው ይዘው፣ ዓይንዎን ጨፍነው፣ 'እግዚኦ፣ ትንሽ ፍጠን በቀለ! እግዚኦ፣ ትንሽ ፍጠን!' ይሉ ነበር አሉ።"

(ረጅም ሳቅ።) ያቺ ሴትዮ! ይሄን... ይሄን አጥፊው ከስልክሽ።